የዱቤ መኪና፣ የጎረቤት ዋስ

መኪና የነበረኝ ለአሥራ አንድ ወር ነው። መንዳት ግን አልችልም ነበር፤ ዛሬም አልችልም።

ጣልያን ከወጣ ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከሸዋ ተመድቤ መቀሌ ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥራዬ ጽሕፈት ነበር፤ ሰው ያመጣውን አቤቱታ አስተካክሎ፣ አርእስቱን በቀይ፣ ሐተታውን በጥቁር ቀለም አሳምሮ መገልበጥ። የከሰረ፣ የተካደ፣ ተበድሮ መክፈል ያቃተው ሰው ጉዳይ ቀን ሙሉ በእጄ ያልፋል። ከአንዱም የተማርኩት ነገር የለም። የእጅ ጽሕፈቴ ግን ከቀን ወደ ቀን እያማረ ሄደ።

በዚያን ጊዜ ኲሓ ሜዳ ላይ ጣልያን ጥሎት የሄደ ብረት ተከምሮ ነበር። ሊነሳ የሚችለውን ሁሉ ነጋዴ እያነሳ አስጠግኖታል። ከእነዚህ አንዱ፣ «ትሬንታ ኳትሮ» የምንለው አፍንጫ ረጅም የጭነት መኪና፣ ዞሮ ዞሮ አንድ የጨው ነጋዴ እጅ ገባ። ነጋዴው በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ ግመል ከአፋር በረሃ የሚያመጣውን አሞሌ በጅምላ የሚገዙ የከተማው ሰው ናቸው። እንደ አገሩ ወግ «አቦይ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ልጄ ለማለት «ወደይ» ይሉኛል። መኪናውን ያገኙት ዕዳውን መክፈል ካቃተው ሰው ላይ ወስደው ነው። ይህንንም አልደበቁኝም።

«የበፊቱ ሰውዬ ከፍሎ አልጨረሰም» አሉኝ። «ምስኪን፣ ደግ ሰው ነበር።»

ለምስኪኑ ከልቤ አዘንኩለት። አቅሙን የማያውቅ ሰው እንዴት ያለ ሰው ነው ብዬም ተገረምኩ። ከዚያ በኋላ የመኪናውን ኮፈን ዳሰስኩ፤ ፀሐይ አሙቆት ነበር። ያቺ ሙቀት ናት ያጠፋችኝ።

«በየወሩ ሠላሳ ጠገራ ትሰጠኛለህ» አሉ አቦይ። «ሁለት ዓመት ሲሞላ ማኪናዋ ያንተ ናት። እኔ ምን ሊያደርግልኝ! ሓቂ ልንገርህ ወደይ፣ ለእኔ ግመል ይሻለኛል።»

አቦይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እኔ ግን ነገሩን እንደ ትሕትና ቆጠርኩት።

ውሉን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ከጻፍኳቸው ሁሉ እንደዚያ ያማረ ወረቀት የለም። «በጠገራ ብር» የሚለውን ቃል ለጌጥ ብዬ በቀይ ቀለም አደረግሁት። ጠገራ ማለት የጥንቱ፣ ንጹሕ ብር የሆነው ገንዘብ ነው። የእኔ ደመወዝ የሚከፈለኝ በወረቀት ነበር፤ ጨው የሚያስጭነኝም ሰው የሚከፍለኝ በወረቀት ነው። ወረቀቱን ገበያ ወስጄ በጠገራ ስመነዝር ደግሞ ጠገራው በየሳምንቱ እየተወደደ ይጠብቀኛል። ይህን ለማወቅ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ ውሉን ሳነሳ በቀይ የጻፍኩትን ቃል በአውራ ጣቴ ሸፍኜ ነበር የማነበው።

ለውሉ ዋስ ያስፈልጋል። ዋስ የሆነኝ ጎረቤቴ ነው። ከወሎ የመጣ ልብስ ሰፊ ነበር፤ አንድ ግቢ ውስጥ በአንድ ግድግዳ ተለያይተን እንኖራለን። እሱ የጁምዓ ሶላቱን፣ እኔ የእሑድ ቅዳሴዬን ይዘን፣ የቀረውን አምስት ቀን አብረን እንስቃለን። በረንዳው ላይ አንዲት የስፌት መኪና ነበረችው። ከአንድ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣልያን የገዛት ናት፤ ለሷ ሲል አራት ዓመት በሰው ሱቅ በእጁ መርፌ ሲሰፋ ኖሯል። ዋስ ሁነኝ ስለው ፔዳሉን ሳያቆም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«መኪናው አለ አይደል?»

«እንዴታ! እዚሁ ግቢያችን ነው የሚቆመው።»

«እንግዲያው ምን ቸገረኝ» አለ። ባትከፍል መኪናው ይመለሳል ማለቱ ነው። በእሱ ዘንድ ነገሩ አለቀ። ዋስ መሆኑ ሳያንሰው መኪናውን ለመመረቅ ብሎ፣ ሰም በተቀባ ክር፣ በድርብ ስፌት፣ ለጭነቱ መሸፈኛ የሚሆን ትልቅ ሸራ በነፃ ሰፋልኝ። «ይህ ስፌት ከመኪናው በላይ ይኖራል» እያለ ነበር የሰጠኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት እንዴት ያሉ ወራት ነበሩ! ሾፌር ቀጠርኩ፤ ጨው ጭኖ ደሴ ደርሶ በርበሬና ጤፍ ይዞ ተመለሰ። ከተማው «ባለማኪና» አለኝ። ቢሮ ስገባ የማላውቀው ሰው ሁሉ ተነስቶ ሰላም ይለኛል። ሰርግ ያለበት ሁሉ መኪናዬን በነፃ ይዋሰኛል፤ እኔም እምቢ አልልም። ሾፌሬ ሙሽሮቹን ሲያመላልስ የሚቃጠለው ናፍታ የራሴ ነው፤ ምርቃቱም የራሴ ነው። ከምርቃት ብዛት ሀብታም የሚሆን ሰው ቢኖር ኖሮ እኔን የሚስተካከል አይገኝም ነበር።

በሦስተኛው ወር መኪናው አላጄ አቀበት ላይ ቆመ። አንድ ሳምንት ቆመ። የጭነቱ ሒሳብ፣ የጥገናው፣ የሾፌሩ ምግብ ተደምሮ የወር ደመወዜን በላው። ያን ዕለት ባለቤቴ አጠገቤ ተቀመጠች። በነገር የማትቸኩል ሴት ናት።

«ይመልሱላቸው» አለችኝ። «አሁን ምንም ሳይጎድልበት፣ እንዳለ ይመልሱላቸው። አቦይ ይቀበላሉ። የሰጠነው የሁለት ወር ገንዘብ ይቅር፤ እኛም ዋሳችንም እንተኛ።»

ትክክል ነበረች። አቦይም በዚያ ጊዜ ይቀበሉ እንደነበር ኋላ ራሳቸው ነግረውኛል። እኔ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ገንዘቡ አልነበረም ያሳሰበኝ። በማግስቱ ቢሮ ስገባ ማንም ሳይነሳልኝ እንዴት አልፋለሁ ብዬ ነው። «አንቺ ንግድ አታውቂም» አልኳት። እኔ የማውቅ ይመስል!

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ነገር እስከ ዛሬ በሙሉ አፌ ተናግሬው አላውቅም። የአራተኛው ወር ሠላሳ ጠገራ ሲጎድለኝ ስኮርታውን፣ ትርፍ ጎማውን ማለቴ ነው፣ ኲሓ ለሚኖር ለአንድ ባለመኪና ሸጥኩ። በጠገራ ከፈለኝ። ወስጄ ለአቦይ ሰጠሁ። «ጽቡቕ፣ የቃልህ ሰው ነህ» ብለው መረቁኝ። አምስተኛው ወር ሲመጣ ሸራውን በደላላ እጅ ሰኞ ገበያ አሸጥኩት። ስድስተኛው ላይ ባትሪው ሄደ። ሰባተኛውና ስምንተኛው ላይ የኋላ ጎማዎቹ ተከተሉ። እነዚያ መኪኖች ከኋላ በየጎኑ ድርብ ድርብ ጎማ አላቸው፤ እኔም ብልህ ሰው ስለሆንኩ ያስወጣሁት የውስጦቹን ነው። ከውጭ ለሚያይ መኪናው ሙሉ ነው። ጎረቤቴ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ሆኖ ያየዋል፤ አየዋለሁ ሲያየው። መኪናው አለ፤ ምን ቸገረው!

እንግዲህ የመኪናውን ዕዳ በመኪናው እየከፈልኩ ነበር ማለት ነው። አቦይ መኪናቸውን ቁራጭ በቁራጭ እየተረከቡ መሆኑን አላወቁም። እኔም ጠዋት ስነሳ አላውቅም ነበር፤ ለራሴ አልነግረውም። ሾፌሩ ብቻ ያውቅ ነበር። ባትሪ ሲሸጥ ደመወዜ ካልተሰጠኝ ብሎ ሄደ፤ መኪናውም ከዚያ ወዲህ ከግቢው አልወጣም።

በዘጠነኛው ወር የሚነቀል ነገር አለቀ። ከሱቅ የምበደረው ቆመ፤ የቤት ኪራይ ሦስት ወር አደረ። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ያለኝን ቆጥሬ አቅርቤ፣ ከሰርኩ አልኩ። ከሰርኩ የሚለው ቃል ከአፍ እስኪወጣ ነው የሚከብደው፤ ከወጣ በኋላ ቀላል ነው። ባለሱቁ አልጋችንን፣ አከራያችን ዕቃ ሳጥናችንንና ጠረጴዛውን ወሰዱ። መኪናውን ግን ማንም አልጠየቀም። ባለቤቴ «ያን የቆመውን ለምን አይወስዱትም?» ብላ ብትጠይቅ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። መኪናውን የወሰደ ከነዕዳው ነው የሚወስደው። በመቀሌ ውስጥ ደግሞ እኔን የሚያህል ሞኝ ሌላ አልነበረም።

አቦይ ሽማግሌዎቹ ዘንድ አልመጡም። እሳቸው ዋስ አላቸው፤ ምን አሯሯጣቸው።

ሁለት ወር ጠበቁኝና አንድ ጠዋት ግቢያችን ገቡ። ከድሮ ጀምሮ የገንዘብ ጉዳይ ያላቸው ሰዎች፣ አንዱ ከአንዱ እንዳይጠፋ፣ የነጠላቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው ነው ዳኛ ፊት የሚሄዱት። ያን የፈታ ሰው ተረታ ማለት ነው። በአዲሱ ሥርዓት ቀርቷል እየተባለ ነው፤ በገበያ ሰው ዘንድ ግን አልቀረም። እኔም ቀኑ መድረሱን ስለማውቅ ደህናውን ነጠላዬን ለብሼ፣ ጫፉን አስተካክዬ፣ እየጠበቅኋቸው ነበር። ከሰው ፊት በተቋጠረ ነጠላ ማለፍ ቢያሳፍርም ወግ አለው።

አቦይ በአጠገቤ አለፉ። ሰላምታ ሰጥተውኝ አለፉ! በቀጥታ ወደ በረንዳው ሄደው ከጎረቤቴ ነጠላ ጋር ነጠላቸውን ቋጠሩ።

«አቦይ፣ ባለዕዳው እኔ ነኝ እኮ» አልኩ።

«አንተን ቋጥሬ እንታይ ላገኝ ነው?» አሉኝ፣ ያለ ምንም ክፋት። «ያለህን ሁሉ ተካፍለውታል።»

እንግዲህ የከሰረ ሰው ለቋጠሮ እንኳ እንደማይበቃ ያን ዕለት አወቅሁ። ሁለቱ ነጠላ ለነጠላ ተያይዘው ወደ ዳኛ ወጡ፤ እኔ ነፃ ሰው ከኋላ ከኋላ። ያወቀን ሁሉ የሚያዝነው ለልብስ ሰፊው ነው። እኔን «ዛሬ ሥራ የለህም?» የሚለኝም አልጠፋ።

ዳኛው ለሥራ ወደ ውቅሮ ወጥተዋል፤ በሦስተኛው ቀን ይመለሳሉ ተባለ። እነሱም እንደተቋጠሩ ተመለሱ። ማታ ማታ በመሐላ ይለያያሉ፤ ጠዋት ጠዋት ጎረቤቴ ራሱ አቦይ ቤት ሄዶ ይቋጠራል። አንዴም አልዘገየም።

የመጀመሪያውን ቀን በረንዳው ላይ ዋሉ። የተቋጠረ ሰው ሥራ ፈትቶ አይውልም ብሎ ጎረቤቴ መስፋቱን ቀጠለ፤ አቦይ ጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዛጋሉ። ፔዳሉ ሲሄድ ነጠላቸው አብሮ ይሄዳል። ደንበኛ ሲመጣ «እኚህ ሰው ምንድን ናቸው?» ይላል፤ «እንግዳዬ ናቸው» ይላል ጎረቤቴ። ከቀትር በኋላ አቦይ ሰልችቷቸው ቁልፍ ይተክሉለት ጀመር። እኔ ምሳ አመጣሁላቸው። በሹሮዬ ላይ ሁለቱም መረቁኝ።

በሁለተኛው ቀን የግመል ጭነት ስለገባ አቦይ የጨው መጋዘናቸውን መክፈት ነበረባቸው። ልብስ ሰፊውም ግድ አብሮ ሄደ። ምሳቸውን ይዤ ስደርስ አቦይ አሞሌ ያስቆጥራሉ፤ ጎረቤቴ ደግሞ ነጠላው እስከሚፈቅድለት ድረስ ራቅ ብሎ፣ በጨው ክምር ላይ የተዘረጋ ሸራ ፊት ቆሟል። በጣቱ ጫፉን ይዳስሳል። ሰም የተቀባ ክር፤ ድርብ ስፌት።

እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።

«ጥሩ ሸራ ነው» አሉት አቦይ ሲያዩት። «ሰኞ ገበያ በርካሽ ነው ያገኘሁት። ሁለት ክረምት ጨዉን አያስነካብኝም። ማን ሰፍቶት ይሆን?»

ጎረቤቴ ቀና ብሎ እኔን አየ። «እንጃ» አለ። «ስፌቱ ግን አልተላቀቀም።»

ያን ጊዜ አንድ ቃል ቢናገር በበቃ ነበር። ለአቦይ መኪናው ሙሉ እንዳልሆነ ይነግራቸዋል፤ ያታለልኩት እሳቸውንም እንደሆነ ይገባቸዋል፤ ቋጠሮውም ከእሱ ወደ እኔ ይዞራል። አልተናገረም። ምሳውን ተቀብሎ ቆርሶ አጎረሳቸው። እኔንም አጎረሰኝ።

ማታ ተፈትተው ወደ ግቢያችን ስንመለስ ያንኑ የድሮ ጥያቄውን ጠየቀኝ።

«መኪናው አለ አይደል?»

«የፊት ጎማዎቹ አሉ» አልኩት።

ወደ መኪናው ሄዶ ጎንበስ አለና ከሥሩ አየ። ኮፈኑን ከፈተ፤ ባትሪው የነበረበት ቦታ ዶሮ እንቁላል ጥላበት ነበር። እንቁላሉን አነሳና ለባለቤቴ ሰጣት። ቢሰድበኝ ምንኛ በወደድኩ! ደህና እደር ብሎኝ ገባ።

ስለዚህ እኔ ያን ማታ ተቀምጬ ጻፍኩ። መጻፍ ነው የማውቀው። «ዋሴ ንጹሕ ሰው ነው፤ የመኪናውን ዕቃ ነቅዬ የሸጥኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ልታሰር፣ እሱ ይለቀቅ» የሚል አንድ ገጽ። በቀይ የጻፍኩት ቃል አልነበረም። በጥቁር ብቻ፣ ያለ ጌጥ። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። እንቅልፍም ደህና አድርጎ ወሰደኝ፤ እንዲያውም ከሌላው ቀን ይልቅ።

በማግስቱ ዳኛው ተመልሰው ተሰየሙ። ትዕግሥት ያላቸው ሽማግሌ ነበሩ። አቦይን ሰሙ፤ እኔን ሰሙ፤ መኪናውን የሚያይ ሰው ልከው አሳዩ። የተላከው ሰው ተመልሶ «ቤቱ አለ፤ ሆዱ የለም» አለ፤ ሰው ሳቀ። አቦይ ግን አልሳቁም። ዞረው አዩኝ። እንደ አባት ነው ያዩኝ፤ ያ ነው የባሰው።

ዳኛው ወደ ልብስ ሰፊው ዞሩ።

«በንጉሥ አምላክ ዋስ ሆነሃል። የመኪናው ቅርፊት ለባለገንዘቡ ይመለስ፤ ለጎደለው ግን ዋስ ሦስት መንገድ አለው። ወይ ገንዘቡን ትከፍላለህ። ወይ ንብረትህን ታስይዛለህ። ወይ ሰውየውን ለእስር አስረክበህ ነፃ ትወጣለህ። ምረጥ።»

ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ነገሩ ወይ የስፌት መኪናዋ ወይ እኔ ነን። ጎረቤቴ መሬት መሬት ያያል። ኪሴ ውስጥ እጄን ከተትኩ። ወረቀቱ እዚያው ነው፤ ጠርዙ ይሰማኛል። አሁን አውጣው አልኩ ለራሴ። ዳኛው ደግመው «ምረጥ» አሉ። አሁን። ሰውየው ራሱ ይናገር፣ ምናልባት አስረክባለሁ ይል ይሆናል፤ ያኔ እኔም ቀድሜ ልል ነበር እላለሁ፤ ይህን ይህን እያሰብኩ ቆምኩ። ወረቀቱ በላብ ራሰ።

«እሱ ከታሰረ ደመወዙ ይቆማል» አለ ጎረቤቴ በመጨረሻ። «ሚስትም አለችው። የስፌት መኪናዬ ትሂድ። እሱ ሠርቶ ይመልስልኛል።»

ዳኛው እኔን አዩ። «ሰምተሃል። ትመልስለታለህ?»

ከአዎና ከአይ በቀር ሌላ መልስ አልነበረውም። ሁሉም ሰው እየጠበቀኝ ነበር፤ ስንት ሺህ ቃል የጻፍኩ ሰው ደረቴን ይዤ ዝቅ አልኩና ለጎረቤቴ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት።

«አብሮ ይስጠን» አለኝ። ሰው ሲያመሰግነው የሚለው ነውና አለኝ።

ፍርዱ ስላለቀ ቋጠሮውን አቦይ ፈቱት። ተያይዘን ወደ ግቢያችን ወረድን። የስፌት መኪናዋ ከነእግሯ ብረት ናት፤ ለአንድ ሰው አትነሳም፤ የአቦይ ወገብ ደግሞ በርጩማ ላይ ውሎ ታሟል። ስለዚህ አንዱን ጎን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሌላውን ጎን የያዘው ጎረቤቴ ነበር፤ የግቢውን በር ስናልፍ ወደ ኋላ እየሄደ ነው።

«ቀስ ወንድሜ» አለኝ። «መርፌዋ እንዳትሰበር።»